የሚደገም ደስታ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው፤ በወርኃ ጥቅምት፣ ከቅዳሜ ወደ እሑድ በሚያሻግር ሌሊት። ጎንደር ውስጥ ካሉት ደብሮች በአንዱ፣ በቅኔ ማኅሌቱ ጥግ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜያለሁ። ሰዓቱ ከሌሊቱ 7 ገደማ ይሆናል። ጫማዬን በር ላይ አውልቄያለሁና የወለሉ ብርድ በካልሲዬ ዘልቆ እስከ ጉልበቴ ይወጣል። ሰው ሁሉ ጋቢውን ተከናንቧል፤ እኔ ከአዲስ አበባ የመጣሁት በስስ ጃኬት ነው። አጠገቤ የቆሙ አንድ አዛውንት ፊታቸውን ወደ እኔ ሳይመልሱ፣ አንዲት ቃል ሳይናገሩ፣ የጋቢያቸውን ጫፍ አንሥተው ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉልኝ።

የሚቆመው ማኅሌተ ጽጌ ነበር። ካህናቱና ደብተራዎቹ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ተሰልፈዋል። ከበሮው መሬት ላይ ተቀምጧል፤ የሚነካው የለም። መሪጌታው ብቻውን፣ በዝግታ፣ አንዲቱን ቃል እያስረዘመ እያጠፈ ይመራል፤ የቀሩት ተቀብለው ያንኑ ይደግማሉ። በጧፉ ብርሃን ጥላቸው ግድግዳው ላይ ረዝሞ ይወዛወዛል።

ወደዚያ የወሰደኝ ደስታ አልነበረም። ታናሽ ወንድሜን ከቀበርን 4 ወራችን ነበር። ከቀብሩ በኋላ ጸሎት እምቢ አለኝ። መጽሐፉን እገልጠዋለሁ፤ ዓይኔ ፊደሉን ይለቅማል፤ ልቤ ግን የለም። አንዳንድ ቀን እቆጣለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ቁጣም የለም፤ ባዶ ነው። ይህን ለአንድ የጎንደር ልጅ ለሆነ ወዳጄ ስነግረው ብዙ አላጽናናኝም። «መጸለይ ካቃተህ ቁም» አለኝ። «ማኅሌት እኮ አይጸለይም፣ ይቆማል። ናና ቁም።»

እሺ ብዬ ሄድኩ። ይህች «ቁም» የምትል ቃል ግን ከዚያ ሌሊት ወዲህ አልለቀቀችኝም።

አማርኛችን ስለ ጸሎት ሲናገር የሚመርጣቸውን ግሦች ልብ ብላችሁ አድምጡ። ዳዊት ይደገማል እንጂ ይነበባል አይባልም። ጸሎት ይደርሳል፤ «ጸሎቴን ላድርስና እመጣለሁ» ይላል ሰው፣ አንድ ቦታ የሚያደርሰው አደራ እንዳለበት ሁሉ። ማኅሌት ይቆማል። ሱባኤ ይገባል። ምሕላ ይያዛል። ኪዳን ይደርሳል፤ ቅዳሴ ይቀደሳል። መድገም፣ ማድረስ፣ መቆም፣ መግባት፣ መያዝ። ሁሉም የእጅና የእግር ሥራዎች ናቸው። ውስጣችን ምን እንደተሰማው የሚጠይቅ አንድም የለባቸውም። መለመንም በእርግጥ አለ፤ የታመመ ልጇን ታቅፋ የምታለቅስ እናት ልመና ከማንም ጸሎት አያንስም። ነገር ግን ቋንቋውን የሠሩት ሰዎች ጸሎትን ከሁሉ አስቀድመው ያወቁት እንደሚመላለሱበት መንገድ ነው። በጸሎት ስለሚገኝ ደስታ መናገር የምፈልገው ሁሉ ከዚህ ይነሣል። ደስታው የልመናችን መልስ ሲመጣ ብቻ ከውጭ የሚገባ ቢሆን ኖሮ አብዛኞቹ አያቶቻችን ሳያገኙት በሞቱ ነበር። እነሱ ግን አግኝተውታል፤ በዓይኔ አይቻለሁ።

አያቴ ፊደል አልቆጠረችም። ውዳሴ ማርያምን የያዘችው በጆሮዋ ነው፤ የሰባቱንም ቀን። ይህ የኤፍሬም ሶርያዊ ነው ተብሎ የሚታወቅ ድርሰት ለሳምንቱ ለእያንዳንዱ ቀን የራሱ ክፍል አለው፤ ሰኞ ተጀምሮ እሑድ ያልቅና ሰኞ እንደገና ይጀመራል። አያቴ እሳት ሳይነድ፣ ዶሮው ሁለተኛ ከጮኸ በኋላ፣ ፊቷን ወደ ምሥራቅ መልሳ ትቆማለች። በመጨረሻ 41 ጊዜ እግዚኦታ ታደርሳለች፤ መቁጠሪያ ስላልነበራት በጣቶቿ አንጓ ነበር የምትቆጥረው። ከዚያ ማሰልጠኛ እንደጨረሰ ወታደር ትከሻዋን ቀና አድርጋ ትወጣና ከሰሉን ታራግባለች። ቡናው እስኪፈላ ድረስ የምታንጎራጉረውን ዜማ እስካሁን አልረሳሁትም።

«እማዬ፣ ግእዙ ይገባሻል?» ብዬ ጠየቅኳት አንድ ቀን።

«እኔ ባይገባኝ ለሚሰማኝ ይገባዋል» አለችኝ።

ይህች ሴት ከወለደቻቸው 7 ልጆች 3ቱን ቀብራለች። በ1977ቱ ድርቅ ከሰቆጣ አካባቢ በእግሯ ወጥታለች። ሲመቻት ብቻ የምትደሰት ሰው አልነበረችም፤ ምቾት የምትለው ነገር የት አግኝታ። ጠዋት ጠዋት ፊቷ ላይ የማየው ብርሃን ግን ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም ነበር። በየቀኑ ከአንድ ቦታ ነበር የምትመጣው።

ዳዊት የሚደግሙትም እንዲሁ በሳምንት ነው የሚያከፋፍሉት። 150ው መዝሙር በ15 «ንጉሥ» ይከፈላል፤ አንዱ ንጉሥ 10 መዝሙር ነው። ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ እስከ 80፣ ሐሙስ እስከ 110፣ ዓርብ እስከ 130፣ ቅዳሜ እስከ 150። እሑድ የነቢያት መኃልይና መኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞን ይደገማሉ። ይህን ሥርዓት ጠበቅ አድርጎ የሚይዝን ሰው አንድ የሚገርም ነገር ይገጥመዋል። በመዝሙሮቹ ውስጥ ለቅሶ አለ፣ ቁጣ አለ፣ በእግዚአብሔር ላይ የሚቀርብ ክርክር አለ፣ ከዚያ ድንገት ምስጋና አለ። የልብህ ሁኔታ ምንም ይሁን ምን የቀኑ ድርሻ ይጠብቅሃል። ደስ ብሎህ ሳለ ልቅሶ ታደርሳለህ፤ የሚያለቅስ ሌላ ሰው አለና። ልብህ ተሰብሮ ሳለ ምስጋና ታደርሳለህ፤ ዛሬ የአንተ ባይሆንም አንድ ቀን የአንተ ይሆናልና። ሰው የራሱን ስሜት ብቻ ይዞ ከጸለየ በራሱ ጓዳ ውስጥ ሲዞር ይውላል። የሌሎችን ቃል ሲደግም ግን በሩ ይከፈታል።

ወደ ጎንደሩ ሌሊት ልመለስ፤ እዚያ የሆነው ነገር ያለ አቋቋም ትርጉም አይገባምና።

ጎንደር የአቋቋም አገር ናት። በጎንደር አቋቋም ለማስመስከር የሚፈልግ ተማሪ ከየትም ቢሆን ጎንደር በአታ መድረስ ይኖርበታል። አቋቋም ማለት ቅዱስ ያሬድ የደረሰው ዜማ በአካል እንዴት እንደሚቆም፣ እንደሚወዛወዝ፣ እንደሚመታ የሚያስተምር የትምህርት ዘርፍ ነው፤ ተማሪውን ዓመታት ይፈጅበታል። ለማያውቅ ሰው ማኅሌት መጨረሻ የሌለው አንድ ዓይነት ድግግሞሽ ሊመስለው ይችላል። እኔም መጀመሪያ እንደዚያ መስሎኝ ነበር። እውነታው ግን ቃሉ ሳይለወጥ ደረጃው እየተለወጠ ይሄዳል። መጀመሪያ በባዶ ድምፅ ብቻ ይባላል፤ ይህ ቁም ዜማው ነው። ቀጥሎ መቋሚያው ይነሣል፤ ካህናቱ መቋሚያውን በአየር ላይ ቀስ አድርገው ያዘማሉ፣ ይህ ዝማሜ ይባላል። ከዚያ ጸናጽሉ ይገባል፣ ከበሮው ይገባል፣ መረግድ ይሆናል። በመጨረሻ ጽፋት ነው፤ ጭብጨባውና ከበሮው እየፈጠኑ፣ እየተቀባበሉ፣ ሴቶቹ በእልልታ ሲያነሡት።

ያው ቃል ነው። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ እንደ ድንጋይ ከብዶ ሲጎተት የሰማሁት ቃል ከ10 ሰዓት በኋላ ክንፍ አወጣ።

ከበሮው ራሱ ቀላል ነገር አይደለም። ሊቃውንቱ ሰፊውን አፍ በመለኮት፣ ጠባቡን በትስብእት ይመስሉታል። የለበሰው ጨርቅ በጌታ ላይ ለማላገጥ ያለበሱት ልብስ ነው፤ የታሰረበት ጠፍር የግርፋቱ ሰንበር ነው፤ አንገት ላይ የሚንጠለጠልበት ማንገቻ የተጎተተበት ገመድ ነው። ይህን ያወቅሁ ዕለት ለረጅም ጊዜ ዝም አልኩ። ቤተ ክርስቲያን ለደስታ የምትመታው መሣሪያ በሕማማት የተሠራ ነው። ለደስታ የሚሆን ሌላ ዕቃ ሳታጣ፣ ሆነ ብላ ይህንን መረጠች።

በዐቢይ ጾም 55 ቀን ከበሮውና ጸናጽሉ ይቀመጣሉ። ጾመ ድጓው የሚባለው በዝማሜ ነው። በየቤቱ በገና የሚያውቅ ካለ 10ሩን አውታር ይቃኛል። ከዚያ የትንሣኤ ሌሊት ይመጣል። በዚያ ሌሊት የመጀመሪያዋን የከበሮ ምት ሰምቶ ሰውነቱ የማይነዝረው ምእመን ያለ አይመስለኝም። 55 ቀን ባይቀመጥ ግን ያ ምት እንደዚያ አይሆንም። እዚህ ላይ ሰዎች «ደስታ ለማግኘት መከራ ፈልጉ» የምል እንዳይመስላቸው እፈራለሁ። መከራ ሳይፈለግ ራሱ ይመጣል። እኔ የምለው በዚህ ሥርዓት ውስጥ ደስታ ቦታውን ጠብቆ እንደሚቆይ ነው፤ አይጠፋም፣ ይቀመጣል፣ ጊዜው ሲደርስ ይነሣል።

የማኅሌተ ጽጌ ነገር ደግሞ ከዚህ ሁሉ ይበልጥብኛል። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያሉት 40 ቀናት ወርኃ ጽጌ ናቸው፤ ኅዳር 6 የቁስቋም በዓል ይውላል። አገሩ አበባ የለበሰበት፣ ወንዙ የጠራበት፣ ዓመቱን ሙሉ ከዚህ የተሻለ የማይገኝበት ወቅት ነው። ታዲያ በዚህ ጊዜ የሚታሰበው ምንድን ነው? ስደት። አንዲት ወጣት እናት ሕፃኗን ይዛ ከሄሮድስ ሰይፍ ሸሽታ በረሃ ለበረሃ ወደ ግብጽ መሄዷ። በትውፊታችን ስደቱ 3 ዓመት ከ6 ወር ነው። በትውፊት አባ ጽጌ ድንግልና የደብረ ሐንታው አባ ገብረ ማርያም የደረሱት ማኅሌት ይህንን ስደትና አበባውን በአንድ ላይ ይዟል፤ አምስት አምስት ስንኝ እየሆነ፣ አንዱ ቤት ሲያብብ ሌላው ሲሰደድ። ድርሰቱን የሚያዜሙት ሰዎች አበባውን ስለ ስደቱ ብለው አያደርቁትም፤ ስደቱንም ስለ አበባው ብለው አይረሱትም።

በዚህ ላይ የያሬድን ታሪክ ሁላችንም እናውቃለን። በ6ኛው ክፍለ ዘመን አክሱም ላይ፣ በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ሲያዜም የንጉሡ ጦር እግሩን ወግቶት ደሙ እስኪፈስ ድረስ ሕመሙን አልሰማም። ብዙ ጊዜ የምንተርከው የያሬድን መመሰጥ ነው። እኔን ግን ንጉሡም አለማየቱ ያስደንቀኛል። ጦሩን የተከለው እጅ የራሱ ነበር፤ አድማጩም እንደ ዘማሪው ከራሱ ወጥቶ ነበር ማለት ነው። ንጉሡ ደንግጦ የፈለግኸውን ጠይቀኝ ሲለው ያሬድ የለመነው መመነን ነበር። ወደ ሰሜን ተራሮች ሄደ። በጸሎት የሚገኝ ደስታ ሰውን የት እንደሚወስደው አይታወቅም።

ስለዚህ ጉዳይ ከጻፉት ሁሉ በእኛ ሊቃውንት ዘንድ የሚጠቀሰው ማር ይስሐቅ ነው። ከፊልክስዩስና ከአረጋዊ መንፈሳዊ ጋር ከሦስቱ መጻሕፍተ መነኮሳት አንዱ ነው፤ በአንድምታ ትርጓሜ ጉባኤ ተዘርግቶለት ይተረጎማል። የ7ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ነው። የተወለደው ቤት ቃጥራዬ በምትባል አገር፣ ዛሬ ኳታርና በዙሪያዋ ያለው የባሕረ ሰላጤው ጠረፍ በሚገኝበት ነው። የነነዌ ጳጳስ አድርገው ሾሙት፤ ሹመቱን 5 ወር ብቻ ቆየበትና ትቶ ወደ ገዳም ሄደ። የጻፈው በሱርስት ነው፤ መጽሐፉ ግን ድንበር አልያዘውም፤ ከሱርስት ወደ ጽርእ፣ ወደ ዐረብኛ፣ ወደ ግእዝ ተሻገረ። ዛሬ በአንድ ማዕድ የማይቆርቡ አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ እንደ ራሳቸው አባት ያነቡታል።

ማር ይስሐቅ ስለ ጸሎት ደስታ ሲያስተምር ከደስታው አይጀምርም። ነፍስ ጨለማ ውስጥ የምትገባበት ሰዓት እንዳለ፣ ያ ሰዓት በማንም ላይ እንደሚመጣ አስቀድሞ ይናገራል። ያን ጊዜ መስገድም መጸለይም ያቃተው መነኩሴ ምን ያድርግ? ምክሩ በጣም የራራ ነው፤ ራሱን በልብሱ ተከናንቦ ይተኛ፣ ያች ሰዓት እስክታልፍ፤ ብቻ ከበዓቱ አይውጣ። ይህን ሳነብ ጎንደር ትከሻዬ ላይ የወደቀችውን የጋቢ ጫፍ አስታወስኩ። ከዚያ በኋላ ስለ እንባ ያስተምራል፤ እንባ የድንበር ምልክት ነው፣ ከሥጋዊው አገር ወደ መንፈሳዊው መሻገሪያው ላይ የሚገኝ። ከእንባው ማዶ ሰላም አለ፤ ከሰላሙ ደስታ ይወለዳል። መንገዱ ይህ ነው ይላል እንጂ በስንት ቀን እንደሚያልቅ አይቆርጥም።

ዛሬ በየአዳራሹና በየስልኩ የሚሰበከውን ሳስብ ይህ ርኅራኄው ይናፍቀኛል። «ዛሬ ማታ ካልተደሰትክ እምነትህ ጎድሏል» የሚል ስብከት በቁስል ላይ ጨው መነስነስ ነው። ልጇን የቀበረች እናት በዚያ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጣለች። ለወራት እንቅልፍ የራቀው፣ ራሱን ለማጥፋት የሚያስብ ወጣት ተቀምጧል። እንዲህ ያለው ሰው ከጸሎቱ ጋር ሐኪምም ያስፈልገዋል፤ ወደ ሐኪም መሄዱ የእምነት ጉድለት አይደለም፣ ይህን በግልጽ የማይነግሩት ሰባኪዎች በነፍሱ ይጠየቃሉ። ደስታ ያጣ ሁሉ ጸሎት የጎደለው አይደለም።

አንዲት እህት አውቃለሁ፤ ኳታር፣ ዶሐ 6 ዓመት በቤት ሠራተኝነት ኖራ የተመለሰች። የምትሠራበት ቤት የዕረፍት ቀን አልነበረም። ቤተ ክርስቲያን መሄድ አይታሰብም። የመጀመሪያውን ዓመት መጽሐፍ እንኳ አልነበራትም። «ውዳሴዬን በቃሌ ስለማውቀው ማን ይወስድብኛል» አለችኝ። «ሳህን ሳጥብ እጀምረዋለሁ፣ ልብስ ስተኩስ እጨርሰዋለሁ። ቀኑን የማውቀው በእሱ ነበር። ዛሬ የረቡዑን ካደረስኩ ረቡዕ ነው።» ደስ ይልሽ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ትንሽ አሰበች። «ማልቀስ ነበር መጀመሪያ» አለች። «በኋላ ግን እመቤታችንም እኮ ሰው አገር ነበረች እያልኩ... እንጃ፣ ኩሽናው ሰፋልኝ።»

ማር ይስሐቅ እዚያው አገር እንደተወለደ ነገርኳት። አላመነችኝም፤ ደግማ አስነገረችኝ።

ይህ ነገር የአንድ ቤተ እምነት ብቻ አይደለም። በደርግ ዘመን፣ በ1971 ዓ.ም ክረምት፣ ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስና የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በአንድ ወቅት ተገደሉ። የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ብዙዎቹ ተዘጉ። ከእነሱ አንዱ መሠረተ ክርስቶስ በ1974 ዓ.ም ሲዘጋ አባላቱ ወደ 5,000 የሚጠጉ ነበሩ፤ መሪዎቹ ታሰሩ፣ ንብረቱ ተወሰደ። ምእመናኑ ጥቂት ጥቂት እየሆኑ በየቤቱ ተሰበሰቡ፤ ጎረቤት እንዳይሰማ በሹክሹክታ ዘመሩ። ደርግ በወደቀበት በ1983 ዓ.ም ከ30,000 በላይ ሆነው ወጡ። ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ ለእምነቱ 7 ዓመት ታስሯል፤ እስር ቤት ሆኖ የደረሳቸው መዝሙሮች ዛሬም ይዘመራሉ። ከእነዚያ የቤት ጉባኤዎች የተረፉ አንድ እናት ስለ ዘመኑ ሲያወሩ ያልጠበቅሁትን ነገሩኝ። «በሹክሹክታ የዘመርነውን ያህል በድምፅ ማጉያ ዘምረን አናውቅም፤ ጉሮሯችን ታፍኖ ነው ልባችን የተከፈተው» አሉ።

ሐዋርያው ጳውሎስ በፊልጵስዩስ ከተማ ከሲላስ ጋር ተገርፎ፣ እግሩ በግንድ ተጠርቆ፣ መንፈቀ ሌሊት ላይ እየጸለየ ይዘምር ነበር። እስረኞቹ ያደምጧቸው ነበር። ዓመታት ቆይቶ፣ አሁንም ታስሮ ሳለ፣ ለዚያችው ከተማ ምእመናን የጻፈው ደብዳቤ 4 ምዕራፍ ብቻ ነው፤ በእነዚያ 4 ምዕራፎች ውስጥ ደስታና መደሰት ከ12 ጊዜ በላይ ይነሣሉ። በቤተ ክርስቲያናችን ከ7ቱ የጸሎት ሰዓታት አንዱ መንፈቀ ሌሊት ነው። የጎንደሩ ማኅሌት የቆመበት ሰዓት፣ የፊልጵስዩሱ ወኅኒ የተናወጠበት ሰዓት ነው።

እኔ ግን በዚያ ሌሊት ወኅኒዬ አልተናወጠም። የሆነውን ልንገራችሁ።

ከ10 ሰዓት በኋላ ይሆናል፤ ጽፋት ላይ ተደርሷል። ከበሮ የያዙት ሁለቱ ወጣት ደብተራዎች ላባቸው በጧፉ ብርሃን ያብረቀርቃል። ዝቅ ይላሉ፣ ቀና ይላሉ፣ ዞር ይላሉ። ሽማግሌዎቹ ካህናት ከሌሊቱ መጀመሪያ ይልቅ ወጣት ሆነዋል። ሴቶቹ እልል ይላሉ። ድንገት የእጄን ሕመም ሰማሁ። መዳፌ ያቃጥለኛል። ለካ እያጨበጨብኩ ነበር፤ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አላውቅም። ፊቴ በእንባ ርሷል። ወንድሜ አልተነሣም፤ ሐዘኔም የትም አልሄደም፤ እዚያው አጠገቤ ቆሟል። ግን ብቻውን አልነበረም። ከእሱ የሚበልጥ ነገር ቤቱን ሞልቶት ነበር፣ እሱንም ጭምር ይዞ።

ይህ ነው ያየሁት። ከዚህ አልጨምርም፣ አልቀንስም።

ቅዳሴ ወጥቶ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ስንሞቅ አዛውንቱ ጋቢያቸውን አጣጥፈው አጠገቤ ተቀመጡ። ጥቁር ልብሴን ያዩት በጧፍ ብርሃን ሳይሆን አይቀርም።

«የማን ሐዘን ነው ልጄ?»

«የወንድሜ ነው አባቴ።»

«ነፍስ ይማር። ክርስትና ስሙ ማን ነው?»

ነገርኳቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሁለት ጊዜ ደገሙት፣ እንዳይጠፋቸው። «ከዛሬ ጀምሮ አብሬ አነሣዋለሁ» አሉኝና መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኳቸውም፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

ከተማው ገበያ ወርጄ አንድ ዳዊት ገዛሁ። አሁን ጠርዙ በጧፍ ሰም ተጣብቆ ሁለት ሦስት ገጽ አብሮ ይገለጣል። የሚደርቅበት ሳምንት አለ፤ ዓይኔ ፊደል ብቻ የሚለቅምበት። ያን ጊዜም የቀኑን ድርሻ አደርሳለሁ። የወንድሜን ስም አነሣለሁ፤ የእኚያን አዛውንት ስም ስለማላውቅ «ጋቢ ያለበሱኝ» ብዬ አልፋለሁ።

ይህን የጻፍኩት እሑድ ማታ ነው። ጸሎት እምቢ ያለው አንባቢ ካለ፣ ስሜቱ እስኪመለስ አይጠብቅ፤ ይቁም። ያዘነ ጎረቤት ያለው ደግሞ ክርስትና ስሙን ይጠይቀው። ነገ ሰኞ ነው። የሰኞ ድርሻ ሦስት ንጉሥ ነው፤ ከመዝሙር 1 እስከ 30።